ስለ እንግሊዝ አገር ጥንታዊ መንደሮችና ስለ ሲኒማ

(የ12ኛ ክፍል ተማሪ በትምህርት ቤቱ የንግግር ማኅበር ጉባኤ ላይ ያደረገው ንግግር)

የመረጥሁት አርእስት በእንግሊዝ አገር ገጠር ያሉት ጥንታዊ መንደሮች፥ ግንቦችና ትልልቅ ቤቶች የሲኒማ መሥሪያ ስለ መሆናቸው ነው። ምናልባት ከእናንተ መካከል «ይህ ለጨዋታ እንጂ ለቁም ነገር የሚሆን አርእስት ነውን?» የሚል ይኖር ይሆናል። ነገር ግን ሲኒማ ዓይናችንን ይዞ ወደ ሩቅ አገር የሚወስድ መሪ ስለ ሆነ፥ ያሳየንን ሁሉ አምነን ከመቀበላችን በፊት የት እንደ ወሰደን፥ ማን ቤት እንዳስገባንና ምን እንደ ሸሸገብን መጠየቅ ይገባናል። ዓይን ያያል፤ የሚፈርደው ግን ልብ ነው።

በንግግሬ ውስጥ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አስቀድሜ አሳስባለሁ።

ነገሩን ከሌኮክ መንደር መጀመር ይሻላል። ሌኮክ በደቡብ ምዕራብ እንግሊዝ፥ በዊልትሺር አውራጃ የምትገኝ፥ ጥቂት መንገዶች ብቻ ያሏት ትንሽ መንደር ናት። ኤላ የምትባል የሶልዝበሪ እመቤት በ1232 በዚያ ቦታ የሴቶች ገዳም አቆመች። ገዳሙ ሦስት መቶ ዓመት ያህል ከቆየ በኋላ፥ ንጉሡ ሄንሪ 8ኛ የእንግሊዝን ገዳማት ሲያስዘጋ እርሱም በ1539 ተዘጋና ለአንድ ባለጸጋ ተሸጠ። ባለጸጋው ቤተ ክርስቲያኑን አፍርሶ የቀረውን ሕንፃ መኖሪያ ቤት አደረገው፤ መነኮሳይያቱ ይመላለሱበት የነበረው ባለ ቅስት መተላለፊያ ግን ሳይፈርስ ቀረ።

መንደሯ በድሮ ዘመን በበግ ጠጉርና በጨርቅ ንግድ የበለጸገች ነበረች። ኋላ ግን የጨርቅ ሥራ ወደ ሌላ ስፍራ፥ ወደ ትልልቅ ፋብሪካዎች ሲሄድ ሀብቷ ደከመ። ሀብት የራቀው ሰው አሮጌ ቤቱን አፍርሶ አዲስ ለመሥራት አቅም የለውምና፥ ከድንጋይና ከእንጨት የተሠሩት ቤቶች እንደ ነበሩ ቆሙ። እንግዲህ ዛሬ የዓለም ሰው «እንዴት ያለ ውበት ነው!» ብሎ የሚያደንቀው ነገር ለዚያ ዘመን ሰዎች ችግር ነበረ ማለት ነው። ይህን ነገር በልባችሁ ያዙልኝ፤ ኋላ እመለስበታለሁ።

ከዚህም በላይ ሌኮክ ከፎቶግራፍ ታሪክ ጋራ የተያያዘች ናት። በ1835 የዚሁ ቤት ጌታ የነበረው ዊልያም ሄንሪ ፎክስ ታልቦት የሚባል ሊቅ፥ በኬሚካል ያዘጋጀውን ቁራጭ ወረቀት በትንሽ የእንጨት ሣጥን ውስጥ አድርጎ የቤቱን አንድ መስኮት በብርሃን ኃይል አሣለው። ብርሃን ያረፈበት ጠቆረ፤ ጥላ የነበረው ነጣ፤ በዚህም ዓይነት ዛሬ በዓለም ካሉት የፎቶግራፍ ኔጋቲቮች ሁሉ በዕድሜ የሚበልጠው ተገኘ። መጠኑም ከደብዳቤ ቴምብር ብዙ አይበልጥም። ከአንድ ኔጋቲቭ ብዙ ቅጂ ማውጣት የሚቻል መሆኑ መጀመሪያ ለፎቶግራፍ፥ ቀጥሎም ለሲኒማ መሠረት ሆነ። ስለዚህ የሲኒማ ካሜራ ወደ ሌኮክ ሲመጣ፥ የልጅ ልጅ ወደ አያቱ ቤት እንደ መምጣቱ ይቈጠራል።

በ1944 የዚሁ ቤተ ሰብ ወራሽ የነበሩት ማቲልዳ ታልቦት የገዳሙን ቤትና መንደሩን ለናሽናል ትረስት በስጦታ ሰጡ። ናሽናል ትረስት በ1895 ኦክታቪያ ሂል፥ ሮበርት ሃንተርና ሃርድዊክ ሮንስሊ የመሠረቱት፥ ውብ መሬትንና ጥንታዊ ሕንፃን ለሕዝብ ጥቅም የሚጠብቅ ማኅበር ነው። ከዚያ በኋላ የሆነውን ብዙዎቻችሁ ስፍራውን ሳታውቁት አይታችሁት ይሆናል። በ1995 የጄን ኦስቲን መጽሐፍ «ፕራይድ ኤንድ ፕሬጁዲስ» ለቢቢሲ ቴሌቪዥን ሲሠራ የሌኮክ መንገድ ሜሪተን የምትባለው ከተማ ሆነ። በ2001 በወጣው በመጀመሪያው የሃሪ ፖተር ፊልም ደግሞ ያ ባለ ቅስት መተላለፊያ የአስማተኞች ትምህርት ቤት ሆኖ ታየ። በ2007 «ክራንፎርድ» የሚባለው ተከታታይ የቴሌቪዥን ትርኢት በዚሁ መንደር ተሠራ።

እንግዲህ ሲኒማ ሠሪዎች ወደ እንደዚህ ያለ መንደር ሲመጡ ምን እንደሚያደርጉ እንመልከት። በመጀመሪያ የዛሬውን ዘመን የሚያሳብቅ ነገር ሁሉ ይነሣል ወይም ይሸፈናል። የቴሌቪዥን አንቴና ይወርዳል፤ መኪናዎች ከመንገድ ይርቃሉ፤ በአስፋልቱ ላይ የተቀባው መሥመር እንዳይታይ አፈር ይነሰነስበታል፤ በሱቁ በር ላይ የድሮ ጽሕፈት ያለው ሰሌዳ ይሰቀላል። ከዚያ በኋላ ፈረሶችና ሠረገላዎች፥ ዶሮዎችና በጎች ይመጣሉ። የመንደሩ ሰዎችም አንዳንዶቹ የአያቶቻቸውን የሚመስል ልብስ ለብሰው በገዛ መንገዳቸው ላይ አላፊ አግዳሚ ይሆናሉ።

ሁለተኛው ዘዴ የተራራቁትን ቦታዎች አንድ አድርጎ መስፋት ነው። የሃሪ ፖተርን ትምህርት ቤት ላግኝ የሚል ሰው እንግሊዝን ከደቡብ እስከ ሰሜን መዞር አለበት። መተላለፊያው በሌኮክ ነው። ተማሪዎቹ በመጥረጊያ መብረር የተማሩበት የግንብ ግቢ፥ የፐርሲ ቤተ ሰብ ከ1309 ጀምሮ በያዘው በአኒክ ግንብ፥ በሰሜን ጫፍ በኖርዘምበርላንድ ይገኛል። ባቡሩ የሚቆምበት ጣቢያ ደግሞ በዮርክሺር ጠፍ ኮረብታዎች መካከል ያለው የጎዝላንድ ጣቢያ ነው። «ዳውንተን አቢ» በሚባለውና ከ2010 እስከ 2015 በታየው የቴሌቪዥን ትርኢትም እንዲሁ ነው። ታሪኩ በዮርክሺር ተደረገ ይባላል፤ የመኳንንቱ ቤት ግን በሀምፕሺር የሚገኘው የሀይክሊር ግንብ ነው፤ መንደሩ በኦክስፎርድሺር ያለችው ባምፕተን ናት፤ የአሽከሮቹ ማድ ቤት ደግሞ በሎንዶን በኢሊንግ ስቱዲዮ ውስጥ በእንጨት የተሠራ ነበር። ስለዚህ አሽከሩ የምግብ ዕቃ ይዞ ደረጃ ሲወጣ፥ ከሎንዶን ተነሥቶ ሀምፕሺር ይደርሳል ማለት ነው። ተመልካቹ ግን ይህን አያውቅም፤ እንዳያውቅም ተደርጎ የተሰፋ ነው።

አንዲት መንደርም በየጊዜው ልዩ ልዩ ስም ትይዛለች። ተርቪል የምትባል መንደር ከሎንዶን ብዙ በማይርቀው በባኪንግሃምሺር ሸለቆ ውስጥ ትገኛለች። ጦርነቱ ገና ሳያልቅ በ1942 በወጣው «ዌንት ዘ ዴይ ዌል» በሚባለው ፊልም፥ የጀርመን ወታደሮች ተመሳስለው የገቡባትና ነዋሪዎቿ የተዋጉባት ብራምሊ ኤንድ የተባለች መንደር ሆነች። በ1968 በወጣው «ቺቲ ቺቲ ባንግ ባንግ» ፊልም ከመንደሯ በላይ በኮረብታው ላይ ያለው የነፋስ ወፍጮ ታየ። በ1994 ደግሞ ቤተ ክርስቲያኗ ስለ አንዲት ሴት ቄስ በሚያጫውተው «ዘ ቪካር ኦቭ ዲብሊ» ትርኢት ሰውን አሣቀች። ያው አንድ ግንብ፥ ያው አንድ መንገድ፥ አንድ ጊዜ ለጦርነት ሌላ ጊዜ ለሣቅ አገለገለ።

ቦታ የሚመረጠውም ሁልጊዜ ለውበቱ ብቻ አይደለም። ዴቪድ ሊን «ብሪፍ ኤንካውንተር» የተባለውን ፊልም በ1945 መጀመሪያ ላይ ሲሠራ በሌሊት መብራት የበራበት የባቡር ጣቢያ ያስፈልገው ነበር። በዚያን ጊዜ ግን ጦርነቱ አላለቀም ነበርና በሎንዶን አካባቢ መብራት ማብራት አደጋ ነበረው። ስለዚህ ወደ ሰሜን ምዕራብ፥ በላንካሺር ወዳለው ወደ ካርንፎርዝ ጣቢያ ሄዱ፤ የጠላት አውሮፕላን ቢመጣ መብራቱን ለማጥፋት ጊዜ የሚሰጥ ሩቅ ስፍራ ነበርና። ጣቢያው ኋላ ተረስቶ ሲያረጅ ከኖረ በኋላ ያንን ፊልም የሚወዱ ሰዎች ደከሙለትና በ2003 የታሪክ ማሳያ ተከፈተበት። የጣቢያውን ትልቅ ሰዓት ለማየት ዛሬም ሰው ይሄዳል።

ወንድሞቼና እኅቶቼ! አሁን ወደ ገንዘቡ ነገር ልምጣ፤ ያለ ገንዘብ ጣራ አይታደስምና። በእንግሊዝ አገር በ20ኛው ክፍለ ዘመን የትልልቅ ባላባት ቤቶች መከራ ታላቅ ነበር። ሁለቱ የዓለም ጦርነቶች፥ የውርስ ግብርና የአሽከር እጥረት ተባብረው ባለቤቶቹን አደከሙ። በ1974 በሎንዶን የቪክቶሪያና አልበርት ሙዚየም ስለ ፈረሱት ቤቶች ትርኢት ባቀረበ ጊዜ በአንድ መቶ ዓመት ውስጥ ከ1,000 በላይ የሚሆኑ ቤቶች እንደ ጠፉ ሕዝቡ ተረድቶ ደነገጠ።

የሀይክሊር ግንብም ከዚህ ዕጣ ያመለጠው በመከራ ነው። ይህ ቤት የእንግሊዝን የፓርላማ ሕንፃ ንድፍ ያወጣው ቻርልስ ባሪ በ19ኛው ክፍለ ዘመን ያደሰው ነው። የቤቱ ጌታ የነበሩት አምስተኛው የካርናርቮን ኧርል፥ በ1922 በግብፅ የንጉሥ ቱታንካሙን መቃብር ለተገኘበት ቁፋሮ ገንዘብ ያወጡ ሰው ናቸው። እንዲህ ያለ ስም ያለው ቤት ግን በ2009 ዝናብ እያፈሰሰ፥ ለርስቱ ሁሉ ማደሻ 12 ሚሊዮን ፓውንድ ያህል እንደሚያስፈልግ ይነገር ነበር። በሚቀጥለው ዓመት «ዳውንተን አቢ» በቴሌቪዥን መታየት ጀመረና ጎብኚው ጐረፈ፤ ከጎብኚውም ገንዘብ ጣራው ይታደስ ጀመር። በቼሺር የሚገኘው የላይም ቤትም በ1995 በቴሌቪዥን የሚስተር ዳርሲ ቤት ሆኖ ከታየ በኋላ የጎብኚዎቹ ቁጥር ሦስት እጥፍ ገደማ ሆኗል። እንግዲህ በዚህ በኩል ሲኒማ ለአሮጌ ቤት መድኃኒት ሆነ ብንል አንሳሳትም።

ነገር ግን መድኃኒትም መጠን አለው። ከሌኮክ ብዙ ሳይርቅ፥ በዚያው በዊልትሺር አውራጃ ካስል ኩም የምትባል መንደር አለች። እርሷም እንደ ሌኮክ የጨርቅ ሠሪዎች መንደር ነበረች፤ እንደ ሌኮክም ንግዱ ሲርቃት ባለችበት ቀረች። በ1966 «ዶክተር ዱሊትል» የሚባለውን ፊልም ሊሠሩ የመጡ ሰዎች ይህችን ከባሕር የራቀች መንደር የባሕር ወደብ ሊያደርጓት ፈለጉ። በመንደሯ መካከል የሚያልፈውን ዓሣ ያለበት ትንሽ ወንዝ ገድበው ውሃውን አቆሙ፤ ከየጣራው ላይ አንቴናውን አወረዱ። ከነዋሪዎቹ ብዙዎቹ ተቈጡ። ኋላ በምድር ዋልታ ጉዞ ስሙ የታወቀው፥ በዚያን ጊዜ ግን ወጣት የጦር መኰንን የነበረው ራንልፍ ፋይንስ፥ ግድቡን በፈንጂ ለማፍረስ ተነሥቶ ተያዘ፤ የገንዘብ ቅጣት ተፈረደበት፤ ከነበረበት ልዩ ጦርም ተባረረ። በዚያ ላይ በእኛ ክረምት፥ በእነርሱ በጋ በሚሆንበት ወራት ዝናቡ አላቋርጥ ብሎ ሥራቸውን አበላሸው።

ፈንጂ ይዞ መሄድ ከቶ የሚመሰገን ሥራ አይደለም። ሆኖም ከነገሩ በስተኋላ ያለው ጥያቄ እውነተኛ ነው፤ ይኸውም መንደር የማን ነው? የሚል ነው። ለጥቂት ሳምንት መጥቶ ሥዕሉን አንሥቶ የሚሄደው ነውን? ትኬት ቈርጦ በሩቅ የሚያየው ነውን? ወይስ ክረምትና በጋ በዚያ የሚኖረው፥ ከወንዙ ዳር ልጁን የሚያሳድገው ነው? ሲኒማ ሠሪ ወደ ሰው መንደር ሲገባ በእንግድነት ሥርዓት መግባት አለበት። እንግዳ የቤቱን ምሰሶ አይነቅልም።

ከሁሉ ይልቅ የሚያሳዝነው ግን የታይነም ታሪክ ነው። ታይነም በዶርሴት አውራጃ በባሕር ዳር ያለች መንደር ነበረች። በ1943 የገና በዓል ሲቃረብ የእንግሊዝ ጦር ለተኩስ ልምምድ መሬቱን ፈለገውና በመንደሯና በአካባቢዋ የነበሩት 225 ያህል ሰዎች ቤታቸውን ለቀው ወጡ። ሲሄዱም ተመልሰን እንመጣለንና ቤታችንን አደራ የሚል ወረቀት በቤተ ክርስቲያኑ በር ላይ ለጥፈው ሄዱ። ጦርነቱ አለቀ፤ እነርሱ ግን እንዲመለሱ አልተፈቀደላቸውም። ጣራዎቹ ወደቁ፤ ግድግዳዎቹ ብቻ ቆመው ቀሩ።

በ1985 ቢል ዳግላስ የሚባል ስኮትላንዳዊ «ኮምሬድስ» የተባለውን ፊልሙን ከፊሉን በዚህች ባዶ መንደር ሠራ። ፊልሙ ከዚያው ከዶርሴት፥ ቶልፐድል ከምትባል መንደር ስለ ነበሩ ስድስት የእርሻ ሠራተኞች የሚናገር ነው። ደመወዛቸው በየጊዜው ቢቀነስባቸው ተማምለው ማኅበር ስለ ቆሙ፥ በ1834 የሰባት ዓመት ግዞት ተፈርዶባቸው ወደ አውስትራልያ ተላኩ። ሕዝቡ ስለ እነርሱ ብዙ ከጮኸ በኋላ በ1836 ምሕረት ተደረገላቸው። ከመሬታቸው የተፈናቀሉ ሰዎች መንደር ከአገራቸው የተጋዙ ሰዎችን ታሪክ ለመንገር ማገልገሏ እጅግ የሚያሳስብ ነገር ነው። ይሁን እንጂ በዚህም ሥራ ጉዳት አልቀረም፤ በመንደሯ የነበረው አሮጌ የሕዝብ ስልክ ቤት ፊልሙ ሲሠራ ተሰበረና ሠሪዎቹ ሌላ ተኩበት።

የቶልፐድልን ሰዎች ያነሣሁት በምክንያት ነው። ስለ እንግሊዝ ገጠር የሚሠሩት ፊልሞች አብዛኞቹ የሚያሳዩን አረንጓዴ መስክ፥ ነጭ ልብስ የለበሱ ወይዛዝርትና በሻማ ብርሃን የሚደረግ ጭፈራ ነው። መስኩን ያረሰው፥ በጉን የጠበቀው፥ ሻማውን ያበራው ሰው በጥቂቱ ብቻ ይታያል። የሚታየው ውሸት ነው ማለቴ አይደለም፤ መስኩ በእውነት አረንጓዴ ነው፤ ቤቱም በእውነት ያማረ ነው። ነገር ግን ካሜራ አራት ማዕዘን አለው፤ ከአራቱ ማዕዘን ውጭ የቀረው ነገር ስላልታየ አልነበረም ማለት አይደለም።

ለዚህ ለእኛ ቅርብ የሆነ ምስክር አለ። ከሌኮክ ወደ ምዕራብ 20 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ የምትገኘው የባዝ ከተማ ናት። በዚያች ከተማ ከ1767 እስከ 1774 የተሠራ፥ ሮያል ክሬሰንት የሚባል፥ እንደ ጨረቃ ግማሽ የጐበጠ የቤቶች ተርታ አለ፤ ከ2020 ጀምሮ በታየው «ብሪጀርተን» በተባለው ትርኢት ጭምር በዓለም ሁሉ ታይቷል። በዚያችው ከተማ ዳር ደግሞ ፌርፊልድ ሐውስ የሚባል ቤት አለ። ግርማዊ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ አገራችን በጠላት በተያዘች ጊዜ ከ1936 ጀምሮ በስደት የኖሩት በዚህ ቤት ነው፤ በ1958ም ቤቱን ለከተማው አረጋውያን መገልገያ እንዲሆን ሰጥተውታል። የሠረገላና የጭፈራ ፊልም የሚሠራ ሰው ሮያል ክሬሰንትን ቢመርጥ አይፈረድበትም። ነገር ግን ከሁለቱ ቤቶች ለእኛ የበለጠ ታሪክ የያዘው የትኛው እንደ ሆነ ለመናገር ካሜራ አያስፈልገንም።

ክቡራንና ክቡራት! በልባችሁ ያዙልኝ ወዳልሁት ነገር ልመለስና ንግግሬን ልጠቅልል። ብዙ ሰው ሲኒማ መጥቶ ጥንታዊውን መንደር አዳነው ይላል። ነገሩን በቅደም ተከተሉ ስናየው ግን መጀመሪያ መንደሩ ዳነ፤ ካሜራው የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ሌኮክ በአንድ በኩል በችግር ምክንያት ሳትነካ ቆየች፤ በሌላ በኩል በ1944 አንዲት እመቤት ሽጠው ሊበሉት የሚችሉትን ርስት ለሕዝብ ስለ ሰጡ ለዛሬ ደረሰች። በዚያን ጊዜ «ፕራይድ ኤንድ ፕሬጁዲስ» በቴሌቪዥን ይሠራል ብሎ ያሰበ አልነበረም። የካርንፎርዝን ጣቢያ ያነሡት የሚወዱት ሰዎች ናቸው። ሲኒማ ኪራይ ይከፍላል፤ ጎብኚ ያመጣል፤ ለጣራ ማደሻ ይረዳል። ጠባቂ ግን ሊሆን አይችልም፤ ሥራው ሲያልቅ ዕቃውን ጭኖ ይሄዳልና።

ስለዚህ እኛ ተማሪዎች ከእንግዲህ ወዲህ በፊልም ውስጥ አንድ ያማረ አሮጌ ቤት ወይም አንድ ጸጥ ያለ መንደር ባየን ጊዜ ሦስት ጥያቄ እንጠይቅ። አንደኛ፥ በዚህ ቦታ የሚኖረው ማን ነው? ሁለተኛ፥ ይህን ቦታ እስከ ዛሬ ያቆየው ማን ነው? ሦስተኛ፥ ከሥዕሉ ውጭ የቀረው ምንድን ነው? እነዚህን ሦስቱን የሚጠይቅ ሰው ከሲኒማ ቤት ሲወጣ ተደስቶ ብቻ ሳይሆን ተምሮም ይወጣል። አሮጌ ነገር ሁሉ ቅርስ አይደለም፤ ነገር ግን ቅርስ የሆነው ሁሉ አንድ ጊዜ አሮጌ ነገር ብቻ መስሎ የታየበት ዘመን አለው። በዚያ ዘመን ያላፈረሰው ሰው ስሙ በፊልም ላይ ባይጻፍም ዋናው ሠራተኛ እርሱ ነው።